ንፋስ እንዳይመታት

ሰው ለሚወደው ነገር ምክንያት አይጠየቅም። አንዱ ኳስ ይወዳል፣ አንዱ ጫማ፤ እኔ የምወደው ንፋስ የሚያሰላ ሶፍትዌር ነው። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋም እወዳለሁ፤ ግን እንደ ጎረቤት ነው፤ ስቸገር ብቻ በሩን አንኳኳለሁ። የንፋሱ ሶፍትዌር ሌላ ነው። የልደታን ኮንዶሚኒየም ስክሪን ላይ ትሠሩለታላችሁ፣ መስኮቶቹን ትከፍቱለታላችሁ፤ ከዚያ ንፋሱ ሰማያዊ ክር ሆኖ በየሳሎኑ ሲገባ፣ በየኩሽናው ሲወጣ ማየት ነው። እኔማ ፈዝዤ እቀራለሁ። እናቴ አንድ ቀን ከኋላዬ ቆማ ስታይ ቆይታ፣ ፊልም መስሏት፣ ሰው የሚመጣው መቼ ነው ብላኛለች።

የማስተርስ ጥናቴ ይኸው ነበር፦ የልደታ ሰው መስኮቱን ቢከፍት ቤቱ ምን ያህል ይቀዘቅዛል? ውጤቱን በማግስቱ ለአማካሪዬ ካላስረከብኩ የዘንድሮ ምረቃ ያመልጠኛል። ታዲያ ስሌቱ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ሜክሲኮ የተቀመጥኩበት ካፌ መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ ቢበዛ ቤት ድረስ ቢያደርሰኝ ነው። ላፕቶፔ ደግሞ ክዳኗ ከተዘጋ ትተኛለች፤ ከተኛች ስሌቱ እንደገና ከሀ ይጀምራል። ሴቲንጉን ማስተካከል ይቻላል ትሉኝ ይሆናል። ይቻላል፤ ግን ምጥ የያዛት ሴት አልጋ ቀይሪ ትባላለች? እንደተከፈተች፣ እንደ ሰፌድ በሁለት እጄ ይዣት ታክሲ ገባሁ።

ጭኔ ላይ ጋለች። አየር ታግኝ ብዬ መስኮቱን ከፈት አደረግኩላት። ወዲያው ከኋላዬ የተቀመጡ እናት፣ ዝጋው ልጄ፣ ንፋስ ይመታናል አሉ። ረዳቱም ደገፋቸው። ያበሻ ልጅ ስንቱን ችሎ የኖረ ነው፤ ከመስኮት የሚገባ ንፋስ ግን አይችልም። ዘጋሁ። ስክሪኑ ላይ ያ ሰማያዊ ንፋስ በተከፈቱ መስኮቶች ሁሉ ይፈስሳል፤ ልደታ እስክንደርስ እዚያ ውስጥ ስንሳፈፍ ቆየሁ። ደስ ይል ነበር።

ቤት ገብቼ ሶኬት ላይ ሰካኋት፤ ተረፍን! ሳሎኑ ስለሚሞቅ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ንፋሱን ሳይ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ሕልሜ እንኳ ሰማያዊ ነበር።

ስነቃ መስኮቱ ተዘግቷል። ላፕቶፗም ተዘግታለች፤ ያውም የቴሌቪዥኑን ዳንቴል ለብሳ። እማዬ ምን ሆነሻል ብዬ ጮህኩ። እሷም፣ ስነካት ትኩሳት አላት፣ አንተ ደግሞ መስኮት ከፍተህባት ተኝተሃል፣ ንፋስ እንዳይመታት ብዬ ነው አለችኝ። ልቆጣ አልኩና ራሴን ሳየው፣ ለካ እኔንም ጋቢ አልብሳኛለች። ስሌቱ ግን እንደገና ከሀ ሊጀምር ነው።

በቀረኝ ጊዜ ያ ሁሉ ንፋስ አይሰላም። ተስፋ ቆርጬ ስክሪኑ ላይ ያሉትን መስኮቶች በሙሉ ዘጋሁና አሰላሁት። ሻዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ አለቀ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር የለማ!

በማግስቱ አማካሪዬ ያንን ጭር ያለ ሥዕል ትክ ብለው አዩት። እኔ ምረቃዬን በልቤ ተሰናብቼ ነበር። እሳቸው ግን፣ እስከ ዛሬ ያመጣሃቸው ሁሉ ያምሩ ነበር፣ ልደታን የሚመስለው ግን ይኼኛው ነው ብለው ፈረሙልኝ። በደስታ ሰክሬ እጅ ነሥቼ ስወጣ፣ ከኋላዬ ጠሩኝና በሩን እንድዘጋላቸው ለመኑኝ፤ ንፋስ ይመታቸዋላ።