የእትዬ ቨርዴል አሥራ አራት ሳህኖች

ስማቸው ቨርዴል ኦገስታ ፒንክስተን ይባላል፤ ዕድሜያቸው ሰማንያ አንድ ነው። ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ሁሉ እንደ እሳቸው ያለች አንዲት ሴት አትጠፋም፦ በምድር ላይ የጠገበ ወጣት መኖሩን ፈጽሞ የማታምን። ለእንዲህ ያሉ ሰዎች «ጠግቤያለሁ» የሚለው ቃል መልስ ሳይሆን የሕመም ምልክት ነው። የተናጋሪውን ግንባር ዳስሰው ትኩሳት እንደሌለው ካረጋገጡ በኋላ ሌላ ጭልፋ ይጨምሩለታል።

ክብርት ወይዘሮ ፒንክስተን፣ ከተማችን ሃርዳዌይ በሙሉ እትዬ ቨርዴል የሚላቸው፣ በዩኒቨርሲቲያችን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠላሳ ሦስት ዓመት አገልግለዋል። ተጫዋቾቹን ከፊታቸው አስቀድመው በማሊያቸው ያውቋቸው ነበር። ማሊያውን ወደ ብርሃን አንሥተው ያዩና ይፈርዳሉ። «ሰባ አራት ቁጥር ከስቷል» አሉኝ አንድ ቀን።

«እትዬ ቨርዴል፣ ልጁ መቶ አርባ ኪሎ ይመዝናል» አልኳቸው።

«ባለፈው ወር መቶ አርባ አምስት ነበር። ይህ ልጅ አልበላም!»

እሑድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሁለት ጠረጴዛ አጋጥመው አሥራ አራት ሳህን ይደረድራሉ። የተጠበሰ ዶሮ፣ ከአሳማ ሥጋ ጋር የተቀቀለ ጎመን፣ የበቆሎ ዳቦ፣ ፓይ የሚሉት የስኳር ድንች ጣፋጭ ኬክ። ጥሪ የለም፤ ቀጠሮም የለም። ልጆቹ በራሳቸው እግር ይመጣሉ፤ ጫማቸውን በረንዳው ላይ ያወልቃሉ፣ በሩን ላለመግጨት ጎንበስ ብለው ይገባሉ፣ ወንበር የሰበረ ወንበሩን ጠግኖ ይሄዳል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ የምገባው በመጥፎው በር ነው። የሕግ መምህር ነበርኩ፤ ለሃያ ሁለት ዓመታት ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን የስፖርት ደንብ የሚያስከብረውን ኮሚቴ በሰብሳቢነት መርቻለሁ። ደንቡ ግልጽ ነበር፦ ተጫዋቹ ተማሪ እንጂ ሠራተኛ አይደለም፤ ክፍያው ትምህርቱ ነው፤ ከዚያ ውጭ ከማንም ምንም አይቀበልም። ሰማንያ ሺህ ሰው ትኬት ቆርጦ ይገባል፣ የአሠልጣኙ ደመወዝ የግዛታችንን የአላባማን ገዥ ያስቀናል፣ የልጁ ቁጥር የታተመበት ማሊያ በየሱቁ ይሸጣል፤ ልጁ ግን ከልብስ አጣቢዋ እጅ የዶሮ ጭን ከተቀበለ ጥፋተኛ ነው። ደንቡን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። አምኜበት አስከብሬዋለሁ፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነው።

ደንቡ አልፎ አልፎ የሚደረግን ግብዣ ብቻ ይፈቅድ ነበር። ስለዚህ እትዬ ቨርዴል ኮሚቴው ፊት በቀረቡ ጊዜ ጥያቄዬን በዚያ ጀመርኩ።

«ወይዘሮ ፒንክስተን፣ ግብዣው በየስንት ጊዜው ነው?»

«አልፎ አልፎ።»

«በየእሑዱ ነው ይባላል።»

«ታዲያ እሑድ በሳምንት ስንቴ ነው የሚመጣው፣ ፕሮፌሰር ኪትሬል? ስድስት ቀን ጠፍቶ አንዴ ብቅ ይላል።»

ባልደረቦቼ አቀርቅረው ሲስቁ እኔ ብቻ ቀና እንዳልኩ ቀረሁ። «ለልጆቹ ትምህርት በነጻ ተሰጥቷቸዋል» አልኩ።

«ትምህርት በምንድን ነው የሚበላው፣ በሹካ ነው በማንኪያ? ልጁ ሠርቷል፣ ይከፈለው! እስኪከፈለው ድረስ ደግሞ ይብላ። እርስዎስ ራስዎ፣ ፊትዎ ገርጥቷል፤ ቁርስ አልበሉም አይደል?» አሉና ከቦርሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ የበቆሎ ዳቦ አውጥተው ፊቴ አስቀመጡ። በማስረጃነት መዘገብኩት።

ቶባያስ ረንፍሮ የተባለ ተከላካይ ሁለት ግጥሚያ ታገደ፤ የበላውን ምሳ ግምትም ለበጎ አድራጎት እንዲሰጥ ተወሰነበት። ለእትዬ ቨርዴል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ፊርማው የእኔ ነው። በሚቀጥለው እሑድ አሥራ አራቱ ሳህኖች በቦታቸው ነበሩ።

በግጥሚያ ቀን የሰፈራችን ሰው ግቢውን ለመኪና ማቆሚያ ያከራያል። እሳቸው ገንዘብ አይቀበሉም፤ ግቢያቸው የሚያቆመው «ለተጫዋቾች ይከፈላቸው» በሚለው አቤቱታቸው ላይ የፈረመ ብቻ ነው። አንድ የሞንትጎመሪ ጠበቃ «እኔ እንኳ በሐሳቡ አልስማማም» ቢላቸው፣ «ምንም አይደል የኔ ጌታ፤ ከወንዙ ማዶ ቦታ አለ። ስትመለስ በእግርህ ስለሆነ ታስብበታለህ» አሉት። ፈረመ። እኔ በበኩሌ የአቤቱታውን ሐሳብ የሚቃወም አርባ ገጽ ጽሑፍ አሳተምኩ። አንድ ቅጂ ተውሰው ወስደው በሳምንቱ መለሱልኝ። «ጥሩ አድርገው ጽፈውታል። ግን አርባውንም ገጽ ብፈልግ አንድ የራበው ሰው አጣሁበት።»

የምኖረው ከእሳቸው ሦስት ቤት አልፎ ነው። እሑድ በቤታቸው በኩል ማለፍና በረንዳው ላይ የተደረደሩትን ጫማዎች ቆጥሮ ማስታወሻ መያዝ የሥራዬ አካል ነበር። የሳህን ኳኳታ፣ የዶሮው ሽታ፣ አሥራ አራት ግዙፍ ልጆች ባንድ ጊዜ ሲስቁ የሚሰማው ያ ጣራ የሚነቀንቅ ድምፅ እስከ መንገዱ ይደርስ ነበር። እሳቸው በመስኮት ብቅ ይላሉ፦ «ፕሮፌሰር! የሰው ጫማ ከሚቆጥሩ የራስዎን አውልቀው ቢገቡስ? በሞቴ!»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ወይዘሮ ፒንክስተን።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሥራ ላይ ነኝ እያልኩ አለፍኩ። ከመስኮቱ ራቅ ካልኩ በኋላ፣ ከማዕዘኑ ዛፍ ሥር፣ ሳቁ እስኪበርድ ድረስ እቆም እንደነበር ለኮሚቴው ሪፖርት አላደረግሁም።

ከዚያ ሕጉ ተለወጠ። ፍርድ ቤቶች እትዬ ቨርዴል ሲሉት የኖሩትን በረዘመ ቃል አሉት፤ ልጆቹም ስማቸውን ለማስታወቂያ እየሸጡ ማትረፍ፣ በኋላም ከየዩኒቨርሲቲያቸው መከፈል ጀመሩ። እሳቸው ሦስት ፓይ ጋገሩ፤ አንደኛውን ደጃፌ ላይ አገኘሁት፤ «ለተሸናፊው» የሚል ወረቀት ነበረበት። ጡረታ ወጥቼ ስለነበር በሕጋዊ መንገድ በላሁት። በሚቀጥለው እሑድም፣ በሰባ አምስት ዓመቴ፣ ጫማዬን በረንዳው ላይ አወለቅሁ።

አሥራ አራቱ ልጆች በሁለተኛው ዓመት ዘጠኝ ሆኑ፤ በሦስተኛው አራት። ቅያሜ አልነበረም። ልጆቹ አሁን የራሳቸው ምግብ አብሳይ አላቸው፤ የሚበሉት በግራም የተለካ ነው፤ እሑድ ከሰዓት ማስታወቂያ ይቀረጻሉ። የተሻለ የሚከፍል ዩኒቨርሲቲ ሲያገኙም ይሄዳሉ። አምና የቀረው ጃቫሪስ ሞስ ብቻ ነበር፤ ሦስት ሳህን ይበላል፣ እየዘፈነ ዕቃ ያጥባል። ጥር ላይ ወደ ቴክሳስ መሄዱን እትዬ ቨርዴል ከሬዲዮ ሰሙ። አጠገባቸው ነበርኩ።

«እሰይ!» አሉ። «የተሻለ ከፍለውት ነው።» ተነሡና ማንም ያልበላባቸውን ሳህኖች ያጥቡ ጀመር።

«ይቆጭዎታል?» አልኳቸው።

«ለምን ይቆጨኛል? ላቡ ነው፤ ዋጋውን አገኘ። ስጮህ የኖርኩት ለዚህ አይደል እንዴ?» አንዱን ሳህን ሁለተኛ አለቀለቁት። «እኔ እኮ ሲጠግቡም የሚመጡ መስሎኝ ነበር።»

አትላንታ የምትኖረው የእህታቸው ልጅ ሮኔት ቤቱን ሸጠው ከእሷ ጋር እንዲኖሩ ስትለምናቸው ቆይታለች። ዘንድሮ መልስ ሰጧት፦ በዚህ የውድድር ወቅት አንድ ተጫዋች፣ አንድ ብቻ፣ ማንም ሳይልከው በራሱ እግር መጥቶ ገበታው ላይ ከተቀመጠ አይሄዱም። ካልመጣ፣ ከመጨረሻው የሜዳችን ግጥሚያ ማግስት፣ እሑድ፣ ሳህኖቹን ይጠቀልላሉ፤ ሰኞ ሮኔት የጭነት መኪና ይዛ ትመጣለች። ይህን ስጽፍ ሐሙስ ነው። የመጨረሻው ግጥሚያ ከነገ ወዲያ ነው። እስካሁን ማንም አልመጣም።

«እኔ እየመጣሁ አይደል?» እላቸዋለሁ።

«እርስዎ አይቆጠሩም» ይሉኛል ጎመን እየጨመሩልኝ። «እርስዎን የማበላዎት አሳዝነውኝ ነው።»

ዛሬ ጠዋት ስልክ ደወልኩ፤ ተጫዋቾችን በየዝግጅቱ እንዲገኙ ወደሚያዋውል ቢሮ። ብሪን የምትባል ቀልጣፋ ወጣት አነጋገረችኝ።

«ልደት ነው ምርቃት፣ ጋሼ?»

«እሑድ ምሳ ነው።»

«እሺ። ንግግር ያደርጋል?»

«አያደርግም። ይበላል።»

«ፎቶ? ፊርማ?»

«አይ። ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ ይበላል፣ ቢቻል ይስቃል።»

«መብላትና መሳቅ፣ ለአንድ ሰዓት። ጥሩ ልጅ አለኝ፤ ሁለተኛ ዓመት ነው፣ ጨዋ ነው። ሌላ ግዴታ አለ?»

«ተከፍሎት እንደመጣ ለማንም አይናገርም።»

«ይሄ የተለመደ ነው» አለችኝ፤ ከሰዓት በኋላ ውሉን ላከችልኝ።

ውሉ ፊቴ ነው። ስምንት አንቀጽ አለው፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ እንከን የለበትም። ልጁ ሥራ ይሠራል፣ ይከፈለዋል፤ እትዬ ቨርዴል በዚህ ላይ ተቃውሞ ሊኖራቸው እንደማይችል በሕግ ቋንቋ ላስረዳ እችላለሁ። እሳቸው ግን የጠየቁት ሳይከፈለው የሚመጣ ልጅ ነው። ከፈረምኩ እድሜ ልካቸውን ዋሽተውኝ የማያውቁትን ሴት በአንድ ምሳ ሰዓት አታልላለሁ፤ ደስ ብሏቸውም ቤታቸው ይቀራሉ። ካልፈረምኩ እውነቱ ሳይነካ ሰኞ መኪናው ይመጣል።

ገለልተኛ ዳኛ እንዳልሆንኩም ማስመዝገብ አለብኝ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ፊቴን አይቶ ቁርስ መብላት አለመብላቴን የሚያውቅ ሌላ ሰው በዚህች ከተማ የለኝም።

ብሪን መልሴን እስከ ነገ እኩለ ቀን ትጠብቃለች። አንባቢዬ፣ እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ይፈርሙ ነበር?