በሚካኤል ዕለት የተፈረደብኝ ገብስ

«ማን ይናገር የነበረ» ይላሉ አበው። ያልነበረውስ ምን ይሁን? እሱማ ይፈረድበታል። ይህን የተማርኩት በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ደባርቅ፣ በአራት ቁና ገብስ ሰበብ ነው።

ገብሱን ያበደረኝ ጎረቤቴ አያ ውብነህ ነው፤ በየወሩ በአሥራ ሁለት የሚካኤልን ጽዋ አብረን የምንጠጣ ማኅበርተኛዬ። ክረምት ላይ ልጆቼ እንዳይራቡ ብሎ ሰፍሮ ሰጠኝ፤ አዝመራ ሲገባ ልመልስ ተስማማን። አዝመራው ገባ፤ እኔ አልመለስኩም። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፣ ሦስት ጊዜ ቀልጄ ሸኘሁት። ያበደረ ሰው በእጁ የሰጠውን በእግሩ ይፈልጋል፤ አያ ውብነህም እግሩ ቢደክመው ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ከሰሰኝ።

መጥሪያው ደረሰኝ። የሸንጎው ሰዎች በዓል አያውቁምና ቀጠሮውን ለአሥራ ሁለት አድርገውታል። ያን ወር ደግሞ የጽዋው ተረኛ እኔ ነኝ። ሳቅሁ። ከሳሼ እኔ ቤት ተቀምጦ ጠላዬን እየጠጣ ማን ሊከሰኝ ነው? በዕለቱ ማኅበርተኛው ተሰበሰበ፣ ቄሱም ደረሱ፣ አያ ውብነህ ግን የለም። እኔ ደጉ ሰው፣ ወንድማችን ሳይመጣ ዳቦው አይቆረስም ብዬ ያን ሁሉ ሰው በረሃብ አስጠበቅሁ። ለካስ እሱ ሸንጎ ፊት ቆሞ እያስፈረደብኝ ኖሯል።

በሌለሁበት የተሰጠው ፍርድ ይነሳልኝ ብዬ አመለከትኩ። የሸንጎው ሊቀመንበር ለምን እንደቀረሁ ጠየቀኝ። እንግዲህ በዚያ ዘመን፣ በሥራ ቀን፣ ለዚያ ሊቀመንበር «ጽዋ ደግሼ ነው» ይባላል? ሆዴን ይዤ ታምሜ ነበር አልኩ። ምስክር አለህ ወይ አለኝ። ወደ ከሳሼ ዞረና፣ ጎረቤቱ አይደለህ፣ እውነት ታሞ ነበር ወይ አለው። አያ ውብነህ እውነቱን ቢናገር ከገብሱ የባሰ ጣጣ ይመጣብኝ ነበር።

«አዎ፣ ታሞ ነበር» አለ። «ክሱንም ትቻለሁ።»

ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። በሳምንቱ ሚስቱ ለሚስቴ ነገረቻት፦ በሐሰት መሰከርኩ ብሎ ለንስሐ አባቱ ተናዝዞ፣ አርባ ቀን በየማለዳው እንዲሰግድ ታዟል። ያኔ አፈርኩ። እኔ በዋሸሁት የሚሰግደው እሱ! አራቱን ቁና ተሸክሜ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ግንባሩ አፈር ነክቶት አገኘሁትና ይቅር በለኝ አልኩት።

«ገብሱስ ቀላል ነው» አለኝ። «ይልቅ ይኸኛው ችሎት በሌለህበት እንዳይፈርድብህ፣ ና አጠገቤ ስገድ።»

ዛሬ ጉልበቴን አሞኛል፣ ነገ እመጣለሁ አልኩት። ነገም ሌላ ሰበብ አላጣሁም። ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አያ ውብነህ አርባ ቀኑን ብቻውን ጨረሰ፤ ከዚያም ስለ እኔ ብሎ ሰባት ቀን ጨምሮ ሰገደ። ይኸንንም ተበድሬ ቀረሁ።