ጋሽ ታደሰ ሳይነኩት ያቆዩት የጥርስ ኢንሹራንስ

እኛ ጥሩ ነገር ስናገኝ መጀመሪያ የምናስበው እንዴት ሳንነካው እንደምናቆየው ነው። ለእንግዳ የተባለው ብርጭቆ ብፌ ውስጥ ያረጃል፣ እኛ በተሸረፈው እንጠጣለን። እናንተ ቤት እንዲህ ካልሆነ ይቅርታ፤ ያየሁትን ለሁሉም ማዳረስ ክፉ አመሌ ነው።

ባሕር ማዶ፣ ሊቶኒያ በምትባል ከተማ፣ ቤዝመንታቸውን (ምድር ቤታቸውን) ያከራዩኝ ጋሽ ታደሰ ግን ብፌ ውስጥ ያስቀመጡት የጥርስ ኢንሹራንሳቸውን ነው። የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሸትል ይነዳሉ፤ ለኢንሹራንሱ ከደመወዛቸው ሲቆረጥ አራት ዓመት ሆኖታል። በፈረንጆቹ 2014፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ዲሴምበር መግቢያ ላይ ጉንጫቸው አብጦ ወደ እኔ ወረዱ። እዚያው አቅራቢያ ዶራቪል ያለች የጥርስ ሐኪም መንጋጋ ጥርሳቸውን አይታ፣ ሥሩ ታክሞ ክራውን የሚሉት ቆብ ካልተደረገለት መነቀሉ ነው ብላቸዋለች።

«ምን ያሳስባል?» አሉኝ። «አራት ዓመት ሙሉ ዩዝ አላደረግኩትም። ተጠራቅሟል።»

የኢንሹራንሱን መመሪያ ተቀብዬ እያሰመርኩ ሁለቴ አነበብኩት። ራሴን ስለማላምን ኢንሹራንሱ ጋ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት ያነበብኩትን ስትደግምልኝ፣ እሷም ተሳስታ ይሆናል ብዬ እንደገና ደወልኩ። ፍርዱ ያው ነው፤ ያልተጠቀሙበት ከዓመቱ ጋር ያልፋል። በዓመት ሁለቴ ጥርስ ማጽዳት በነፃ ነበር። ለመንቀል ብዙውን ይከፍላል፤ ለሥሩና ለቆቡ ግን ግማሹን፣ ያውም እስከ ዓመቱ የክፍያ ጣሪያ ድረስ ብቻ።

«እኔ እንደ ዕድር መስሎኝ!» አሉ። «ዕድር ሰው ሳይሞት ይነካል እንዴ?»

«እርስዎም ጥርሱ እስኪሞት ጠበቁ፣ ጋሽዬ።»

ካመለጠኝ በኋላ ደነገጥኩ። እሳቸው በደህናው ጉንጫቸው ሳቁ። «እንግዲያው ይነቀል። በአንድ በኩልም ጥሬ ሥጋ ይበላል።»

አልዋጥልህ አለኝ። ሐኪሟን ሥሩን በዲሴምበር፣ ቆቡን በጃንዋሪ ብታደርግላቸው ብዬ ጠየቅኩ፤ እያንዳንዱ በየዓመቱ ጣሪያ ሥር ይገባል። በጊዜያዊ ሙሌት ጥቂት ሳምንት ይቆያል፣ ጠንካራ ነገር እንዳያኝኩበት ብቻ አለች።

ጠንካራ ነገር! እሳቸው ኪሳቸው ከቆሎ ተለይቶ አያውቅም። ጥርሱ ቢሰበር ያስነቀልኩት እኔ ነኝ። እጃቸው ወደ ኪሳቸው በገባ ቁጥር የእኔ ዓይን አብሮ ይገባል።

«ምን ታፈጣለህ? ስልኬን ነው!» ይሉኛል።

አልተሰበረም። ጃንዋሪ ላይ ቆቡ ገባ። በማግስቱ ጋሽ ታደሰ ሌላ ወረቀት ይዘው ደረጃውን ወረዱ።

«ይሄንንም መሥሪያ ቤት ነው የሰጠኝ። እንደ ጥርሱ እንዳያልፍብኝ፤ ዘንድሮ እንዴት ልጠቀምበት?»

ተቀብዬ አየሁት። የሕይወት ኢንሹራንስ ነው።

«ጋሽዬ፣ ለዚህኛው እንኳ ባይቸኩሉ» አልኳቸው።

እርግጠኛ ለመሆን ግን ደወልኩ።