ሊቀ ቋጠሮና የግራው ሲሊንደር

ሌላ ሰው ያሰረውን ሳይፈታ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። የገድቡ ጠላቂዎች የደረሳቸው ግን ከሁሉም የባሰው ነው። የቡድኑ የውሃ ውስጥ በያጅ «ክቡር ሊቀ ቋጠሮ» የሚል ማዕረግ አውጥታላቸዋለች።

ክቡርነታቸው የቡድኑ አንጋፋ ጠላቂ ናቸው። በስብሰባ መሃል ጎንበስ ብለው የሥራ አስኪያጁን የጫማ ክር ፈተው አስረዋል። በበያጇ ሠርግ ፎቶ አንሺው ቆሞ እየጠበቀ የሙሽራውን ከረባት ሁለት ጊዜ ፈተዋል። ምክንያታቸው አንድ ነው፤ «አልጣመኝም!»

በያጇን የሚያንጨረጭራት የአየር ሲሊንደሯን ሲነኩባት ነው። የገድቡ ዋሻ ጠባብ ስለሆነ አየር በጀርባ ተሸክሞ አይገባም፤ ሁለት ሲሊንደር ግራና ቀኝ ብብት ሥር ይታሰራል። የሲሊንደሩን አንገት ላስቲክ ይይዘዋል። ሆዱ ላይ የብረት ቀለበት በብሎን ይጠብቅና በመንጠቆ ከቀበቶ ጋር ይያያዛል። ይህንን ዘጠኝ ዓመት ስታስር ኖራለች። ክቡርነታቸው ግን በየጠዋቱ ይመጣሉ፣ ያንኳኳሉ፣ ይጎትታሉ። «አልጣመኝም!» ከዚያ ብሎኑን ፈተው ከሀ ይጀምራሉ።

ባለፈው ማክሰኞ ሰው ሁሉ እያየ የግራውን ለሦስተኛ ጊዜ ሲፈቱት ትዕግሥቷ አለቀ። መፍቻውን ከእጃቸው መነጨቀች።

«ጋሼ፣ በቃ! ሕፃን ነኝ እንዴ? ሁለተኛ ዕቃዬን እንዳይነኩ!»

«ልጄ፣ ቀለበቱ እኮ ገና...»

«ይተዉኝ አልኩ!»

በንዴት ብሎኑን አንዴ አዞረችው። ጠበቀ አልጠበቀ ብላ እንኳ ሳትሞክረው ውሃው ውስጥ ገባች።

ዋሻው ውስጥ ሠላሳ ሜትር እንደሄደች ቀለበቱ ተንሸራተተ። የግራው ሲሊንደር ቁልቁል ተንጠልጥሎ በዋሻው የብረት ፍርግርግና በግድግዳው መሃል ተቀረቀረ። ወደ ፊት የለ፣ ወደ ኋላ የለ። ቀኝ እጇ አይደርስም። ጭቃው ተነሥቶ መብራቷን ዋጠው። ትንፋሿ እየፈጠነ ሄደ። ትግሉ አድክሟት እጇን ስትጥል፣ ሁለት እጆች ከኋላዋ ዳብሰው መጡ። ሲሊንደሩን አላቀቁት፤ ቀበቶዋን ይዘው ወደ ብርሃን ጎተቷት።

ዳር ወጥታ ስብከቱን ጠበቀች። ሊቀ ቋጠሮ ግን ከንፈራቸው ገርጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።

«እንዴት አወቁ?» አለቻቸው።

«ስትገቢ ሲሊንደሩ ዘሞ አየሁት። ጮህኩ፤ አልሰማሽም።»

ያኔ ነው ጎናቸውን ያየችው። በቀኝ አንድ ሲሊንደር አለ፤ በግራ ባዶ ነው። ሁለተኛውን ለማሰር ጊዜ አላጠፉም። የአየር መለኪያው መርፌ ቀዩ ውስጥ ገብቷል፤ አየሩ ሊያልቅ ደርሶ ነበር።

ደሟ ከጠዋቱ በላይ ፈላ። ዘጠኝ ዓመት «እርስዎ» ስትላቸው የኖረችው ሴት አንተ አለቻቸው።

«በአንድ ሲሊንደር? ዋሻ ውስጥ? አብደሃል እንዴ ጋሼ? እዚያው ብትቀርስ? ሚስትህን ምን ልላት ነበር?»

«ስቸኩል ጊዜ...»

«ዝም በል!»

ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸችባቸው። እየጮኸችም ፎጣዋን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጋ፣ የደነዘዙ ጣቶቻቸውን በሁለት እጇ ታሽ ነበር።