የሾላው ምሳ ዕቃ

እመኑኝ፣ ከሌባ ይልቅ የሚያስቸግረው ታማኝ ሰው ነው! ሌባ ዕቃችሁን ሲወስድ ትራገማላችሁ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ትጮኻላችሁ፣ ይወጣላችኋል። ታማኝ ሰው የወሰደባችሁ እንደሆነስ? «እግዜር ይስጥልኝ» ከማለት በቀር ምን አፍ አላችሁ? እኔ ይሄን የተማርኩት ወረታ ነው፤ ያውም አስተማሪ ሆኜ ሄጄ!

የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ለመንገድ ቅየሳ መጥቶ የነበረ አብሮ አደጌ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ አሮጌ ጂፒኤሱን ትቶልኝ ሄደ። ከመሣሪያው ጋር አንድ በሽታም ትቶብኝ ሄዷል፤ ጂኦካሺንግ ይባላል። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ አንዱ ሰው ዕቃ ይደብቅና ያለበትን ቦታ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው ያንን ቁጥር ጂፒኤሱ ላይ ሞልቶ፣ አገር አቋርጦ፣ እሾህ እየወጋው ይፈልገዋል። ሲያገኘው ውስጡ ባለው ደብተር ላይ ይፈርማል። ደስ ካለው ከውስጡ አንድ ነገር ወስዶ ተመጣጣኙን ይተካል። ከዚያ ዕቃውን እንደነበረ ደብቆ ይሄዳል። በቃ! ምን ያገኛል አትሉኝም? ምንም! ሳቁ፣ ሳቁ… የመምህራን ማረፊያ ክፍላችንም ሦስት ቀን ሙሉ ስቋል።

ጨዋታ ነው ብላችሁ ግን እንዳትንቁት። ደንቡ ከትምህርት ቤታችን መተዳደሪያ ይረዝማል። ዕቃው ተቆፍሮ አይቀበርም። የባለመሬቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ምግብ ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ አውሬ ይጠራል። የደበቀው ሰው በየጊዜው እየሄደ ደኅንነቱን ያያል። ይሄን ሁሉ ከባሕር ማዶ ተቀምጦ በኢሜይል የሚቆጣጠር አንድ ፈታሽ አለ። ይህ ሰው ከተወለደ ጀምሮ ስቆ አያውቅም ብዬ ለመማል ዝግጁ ነበርኩ።

እንግዲህ ክዳኑ ግጥም የሚል ሰማያዊ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ገዛሁ። ደብተር፣ እርሳስ፣ የቁልፍ ማንጠልጠያና የፀጉር ማስያዣ ከተትኩበት። ከወረታ ወጣ ብሎ፣ በሩዝ ማሳዎቹ መሐል፣ ግንዱ ጎድጓዳ የሆነ ትልቅ ሾላ አለ። ባለመሬቱ አያ ደሴ ይባላሉ፤ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። በደንቡ መሠረት ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ።

«ዕቃ ልታስቀምጥ? ምነው መምህር፣ ቤት የለህም እንዴ?»

«ቤትማ አለኝ። ሰው መጥቶ እንዲያገኘው ብዬ ነው።»

«የትኛው ሰው?»

«የማላውቀው ሰው።»

«ለሰውየው ከሆነ በእጁ አትሰጠውም?»

«ፈልጎ እንዲያገኘው ነዋ!»

አያ ደሴ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ፀሐይ መትቶህ እንዳይሆን… ውኃ ላስመጣልህ?» አሉ። ውኃውንም ጠጣሁ፤ ፈቃዱንም አገኘሁ። ዝም ብዬ ብሄድ ምን ነበረበት? አፌ ነዋ! ስሰናበት «አያ ደሴ፣ እንግዲህ አደራ!» አልኩ። እኛ አዲስ አበባ «አደራ» የምንለው ለታክሲ ረዳት ነው፤ «አደራ፣ መገናኛ ስንደርስ ንገረኝ» ብለን እንቅልፋችንን እንለጥጣለን። አያ ደሴ ግን ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ!

ክረምቱ ገባ፤ ሜዳው ውኃ ተኛበትና መሄጃ አጣሁ። ዝናቡ ሲያባራ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ኢሜይሌን ከፈትኩ። መክፈት ስል… ባጃጅ ጎረቤት ከተማ ሐሙሲት ደርሶ ሲመለስ ገጹ ገና ግማሽ ነው። በመጨረሻ ሦስት መልእክት ወጣ። አንደኛው ዕቃውን ፈልገው ካጡ ሰዎች ነው፦ «ሾላው ሥር ዱላ የያዙ አንድ አባት ተቀምጠው ነበር። ጠላ ጋበዙን፤ በጣም ደግ ናቸው። ስለ ዕቃው በአስጎብኚያችን በኩል ስንጠይቃቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።» ሁለተኛው ከፈታሹ ነው፦ «ዕቃው እስከ ወሩ መጨረሻ በቦታው ካልተገኘ ከካርታው ይሰረዛል።» ሦስተኛው ከፈረንጅ ባልና ሚስት፦ «ቅዳሜ ወደ ጎንደር ስናልፍ ለዚሁ ብለን ወረታ እንወርዳለን።»

ወገኖቼ፣ ጉዴ ፈላ! በዚያ ሜዳ ላይ ያለችው የኔዋ አንዲት ዕቃ ብቻ ናት። «ወረታን የዓለም ካርታ ላይ ያወጣኋት እኔ ነኝ» ብዬ ያልለፈፍኩበት ቦታ የለም። ባልደረቦቼ «የምሳ ዕቃ ሚኒስትር» ብለው ሹመት ሰጥተውኛል። ዕቃዋ ከተሰረዘችማ ዝውውር ጠይቄ ከመጥፋት በቀር ምን ዓይን ይኖረኛል?

እየሮጥኩ ሄድኩ። የሾላው ጎድጓዳ ባዶ! አያ ደሴ ቤት ስደርስ በር ላይ ተቀምጠዋል።

«አያ ደሴ፣ ዕቃዬ ተሰረቀ!»

«ምን ሲደረግ! ዕቃህ ደህና ናት» አሉና ከአንገታቸው ላይ የቁልፍ ክር መዝዘው አወጡ። ቤት ገብተው ትልቁን የእንጨት ሣጥን ከፈቱ። የኔ ምሳ ዕቃ ከመሬት ደብተራቸው ጎን፣ በነጠላ ተጠቅልላ ተኝታለች። ለካ ያስቀመጥኩ ዕለት፣ ገና ጀርባዬን ሳዞር ነው ያነሷት።

«አደራ ብለኸኝ ሜዳ ላይ ጥዬ እንቅልፍ ይወስደኛል?» አሉ ተቆጥተው። «ደሞ ፈላጊ ነን የሚሉ መጥተውብኝ ነበር። እኔ ልስጥ? ‹አላየሁም› ብዬ መለስኳቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ስላንተ ዋሸሁ!»

ምን ልበላቸው? ጎንበስ ብዬ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ዕቃው ወደ ሾላው ይመለስ ብዬ ግን ለመንኩ። እሳቸውም አደራ ያለ ምስክር አይመለስም ብለው ሁለት ጎረቤት አስጠሩ። ርክክብ ተደረገ፦ እርሳስ አንድ፣ ማንጠልጠያ አንድ፣ ማስያዣ አንድ፣ ደብተር ያልተጻፈበት አንድ… ከምስክሮቹ አንዱ የአንድ ለአምስት ቡድን መሪ ነበርና «ይሄ ነገር እንደ ምርጥ ተሞክሮ ሪፖርት ይደረጋል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ይሄኔ የአያ ደሴ ባለቤት እትዬ ሙሉ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ዕቃው ለእንግዳ ነው?»

«አዎ፣ ቅዳሜ ለሚመጡ እንግዶች ነው።»

«እንዲህ ሣጥን ውስጥ ታፍኖ ከርሞ? ተወው፤ እኔ አጥቤው ቅዳሜ ማለዳ ሾላው ላይ አኖረዋለሁ።»

እኔም በደስታ «እግዜር ይስጥልኝ!» አልኩ። ይቺ ሁለተኛዋ ስሕተቴ ናት።

ቅዳሜ ፈላጊዎቹ ራሳቸው እንዲያገኙት ብዬ ከሩዝ ገለባ ክምር ጀርባ ተደበቅሁ። ተደበቅሁ ልበል እንጂ ግማሹ መንደር ቀድሞኝ ተደብቋል! «ጠጋ በል መምህር፣ ቦታ አለ» አለኝ አንዱ። ፈረንጆቹ ጂፒኤስ ይዘው መጡ። ሾላውን አንዴ ዞሩት፣ ሁለቴ ዞሩት። ከክምሩ ጀርባ «ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ!» የሚል ሹክሹክታ ተነሣ። አያ ደሴ አላስችል ብሏቸው ለምልክት ሆን ብለው ሳሉ። ሴትዮዋ እጇን ወደ ጎድጓዳው ሰደደችና ጮኸች። አገኘችው! መንደሩ እልል አለ። እኔም እልል አልኩ፤ ወንድ ልጅ መሆኔን ረስቼ!

ክዳኑ ተከፈተ… እልልታው አፌ ላይ ቀረ።

ቅቤ! ለጋ፣ ትኩስ የተናጠ የፎገራ ላም ቅቤ፣ እስከ አፉ ጢም ብሎ! ገለባ እንደለበስኩ ከክምሩ ወጥቼ ሮጥኩ።

«እትዬ ሙሉ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ምን ነካህ መምህር? የእንግዳ ዕቃ ባዶውን ይሰጣል?»

«ባዶ አልነበረም እኮ! እርሳስ ነበረበት!»

«እንግዳ በእርሳስ ይሸኛል እንዴ?» አሉኝ። ደብተሩን ከነርሳሱ ከመቀነታቸው ፈትተው አወጡ፤ ቅቤ እንዳይነካው ብለው ነው።

ሴትዮዋ በጣቷ ቆንጥራ ወደ አፏ ልትወስድ ስትል እትዬ ሙሉ እጇን ያዙ። «ኧረ ልጄ፣ ለአናትሽ ነው! ፀሐዩ አናትሽን ጨረሰው እኮ!» አሉና ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ጸጉሯን ይቀቧት ጀመር። ባልየውም ተራ ያዘ። ደብተሩ ላይ ፈረሙ። ሴትዮዋ ለተቀባችው ቅቤ ምትክ አዲስ ሻሿን ዕቃው ውስጥ ከተተች፤ ቅቤው በአንገታቸው እየወረደ፣ እየሳቁ ወደ ጎንደር ሄዱ። እኔ ደግሞ ሰኞ የመምህራን ክፍል የገባሁት ደረቴን ነፍቼ ነው።

ደስታዬ ሳምንት አልቆየም። ፈታሹ ጻፈ፦ «ዕቃው ውስጥ ቅቤ መገኘቱን ፈላጊዎቹ ገልጸዋል። ምግብ በደንቡ የተከለከለ ስለሆነ ይሰረዛል።» ይኸው! ጠፋ ተብሎ ሊሰረዝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ተገኝቶ ሊሰረዝ! እትዬ ሙሉ ዘንድ ሄጄ አንገቴን ደፍቼ ነገርኳቸው።

«ማን ብሉት አላቸው?» ብለው ጮኹ። «እኔ አናቷን ቀባኋት እንጂ አበላኋት? በል እንደዚሁ ብለህ ጻፍለት!»

እውነታቸውን ነው! ወዲያው ተመልሼ ጻፍኩ፦ «የተከበሩ ፈታሽ፣ የተገኘው ምግብ ሳይሆን የጸጉር ቅባት ነው። ማስረጃ ይሆን ዘንድ የፈላጊዎቹን አናት ፎቶ አያይዣለሁ።» ፎቶውን እነሱ ናቸው ከጎንደር የላኩልኝ፤ ሁለቱም አናታቸው ያበራል።

በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። ገጹ እስኪከፈት ጥፍሬን ጨረስኩ። «ማስረጃው በቂ ነው። ዕቃው በካርታው ላይ ይቆያል» ይላል። ከሥሩ፣ ከፊርማው በታች፣ አንዲት መስመር አለች፦ «የግል ጥያቄ፦ ለመላጣም ይሆናል?»

እየከነፍኩ ሄጄ ለእትዬ ሙሉ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ይምጣ፣ እንሞክርለት» አሉ። «ብቻ ከዚህች ምሳ ዕቃ የሚተልቅ ዕቃ ይዞ ይምጣ በለው፤ መላጣ ቅቤ ይፈጃል።»