የወሰኑ ካቦ

ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በይቅርታ የወጣ ሰው ሁሉ አንድ ነው፤ በር አይከፍትም። ፊቱ ቆሞ ቁልፍ የያዘ እስኪመጣ ይጠብቃል። ወሰን ሰፈር ያለው ግቢያችን ይህን የተረዳው ክቡር ጋሽ ጋሮማ በመጡ ዕለት ነው፤ ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆመው "ይከፈት!" ሲሉ ተገኙ። በሩ መቀርቀሪያ እንኳ አልነበረውም።

በጎረምሳነታቸው እዚሁ ሰፈር በድንበር ጠብ ጎረቤታቸውን ገድለው ነው የገቡት። ያ ደም የፈሰሰበት የገብስ ማሳ ዛሬ ጋራዥ ሆኖ የተቃጠለ ዘይት ይደፋበታል። በዚያ ሲያልፉ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፤ ቃል አይተነፍሱም።

በቀረው ግን ዝም አይሉም። እስር ቤት የክፍላቸው አለቃ፣ ማለትም ካቦ ነበሩና ሥልጣናቸውን ይዘው ሰፊውን ሕዝብ ተቀላቀሉ። ላምበረት ታክሲ ጥበቃ ላይ "መስመርህን ያዝ!" ብለው ቢጮሁ የታክሲው ረዳት ራሱ ተሰለፈ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደግሞ እንደ እስር ቤቱ ቆጠራ ነው። ግቢው መሀል ይቆሙና፣

"ሁላችሁም አላችሁ?"

"አለን ጋሼ" ትላለች የወንድማቸው ልጅ ለሊሴ፣ ከውስጥ ሆና እያፈረች።

"ድምፅ አይበቃም፤ ፊትሽን አሳዪ!"

ሁሉም ሲታይ "ሞላ!" ብለው ይገባሉ።

ንዑስ ከበርቴው ግቢያችን ነጻነቴ ተደፈረ አለ። ድሮ በዚህ ሰፈር ከአንድ ቤት ጭስ ካልወጣ "ምን ሆነው ይሆን?" ተብሎ ይኬድ ነበር። ዛሬ ሥልጣኔ ገብቶ፣ እግዜር ይስጠው፣ ሰው ታሞ መነሣቱን እንኳ ከቤት ሠራተኛው ነው የምንሰማው። የግቢው ባለቤት፣ ጡረተኛው አቶ ዘመንፈስቅዱስ፣ ለሊሴን ጠሯት።

"ልጄ፣ እኔ ቤት ነው ያከራየሁት፣ ወህኒ አልከፈትኩም። አጎትሽ ሌላ ቦታ ይፈልጉ።"

"ማን ያስገባቸዋል ጋሽ ዘመንፈስ? የት እንደነበሩ ሲሰሙ ቤቱ ሁሉ ተይዟል ይላሉ።"

"እሱን እሳቸው ያስቡበት!"

ለሊሴ እያለቀሰች ነገረቻቸው። "ትእዛዝ ነው" አሉ ጋሽ ጋሮማ። በማግስቱ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። የውጭውን በር ራሳቸው ከፈቱ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። የሚጣራ የለም። መጀመሪያ አቶ ዘመንፈስቅዱስ "ነፋስ ልቀበል" ብለው ብቅ አሉ። ለሊሴ ደጇ ላይ ተቀመጠች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውም መርፌውን እንደያዘ ወጣ፤ እኛም ወጣን። ሁላችን በየበራችን ፊታችንን አሳይተን ቆምን፤ ለማን እንደሆነ የሚናገር ግን ጠፋ።

"አንድ ጎድሏል" አሉ በመጨረሻ አቶ ዘመንፈስቅዱስ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

ከውጭ ሳል ተሰማ። ጋሽ ጋሮማ እንጦጦ ድረስ ቤት ሲፈልጉ ውለው፣ ጋቢያቸው ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተጣብቆ፣ ወለል ብሎ ከተከፈተው በር ፊት ቆመዋል።

"ዕቃዬን ልወስድ ነው።"

"ይግቡ እንጂ ሰውዬ! እስከ መቼ በየደጃችን ያስቆሙናል?" ብለው ተቆጡ አቶ ዘመንፈስቅዱስ።

ጋሽ ጋሮማ በየበሩ የቆመውን ፊት አንድ በአንድ አዩ።

"ሞልቷል?"

"እርስዎ ሲገቡ።"