ቀትር ላይ የተመረመሩት አሥራ ሁለት መስታወቶች

በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለት ፖስታ ካርዶች ተጽፈዋል። በመጀመሪያው፣ ፎቶ አንሺው ሌሙኤል ፕሩዊት ዕቃ ለሚልክለት ነጋዴ እንዲህ አመለከተ፦ «የላካችሁልኝ ሦስት ሳጥን፣ ፎቶ የሚነሣበት መድኃኒት የተቀባ መስታወት፣ ገና ሳልነካው ብርሃን ገብቶበታል። ያወጣሁበት ጥላሸት እንጂ ሥዕል አይደለም።» በሁለተኛው፣ ነጋዴው መለሰ፦ «መስታወታችን ከዚህ የወጣው ያለ እንከን ነው። ፎቶ የሚያጥቡበትን ጨለማ ክፍልዎን ይፈትሹ፤ ካልሆነም እጅዎን።»

የአንድ ሳንቲም ካርድ አይታሸግምና፣ ሁለቱንም ከባለቤቶቻቸው በፊት ያነበቡት የዚያች የኦሃዮ ከተማ ፖስታ ሹም አቶ አሳሄል ክራንዳል ናቸው። ለሕዝብ ጥቅም ሲባልም ጮክ ብለው ነው ያነበቡት። በዚህ ትጋታቸው ከተማው ስለ ሌሙኤል እጅ ጥልቅ ዕውቀት አገኘ። ሁለት ሙሽሮች ወደ ጎረቤት ከተማ ፎቶ አንሺ ሄዱ። ሦስተኛዋ፣ የወይዘሮ መሂታቤል ልጅ፣ አንድ ዕድል ሰጠችው፤ አሁን ያዘዘው አራተኛው ሳጥንም ከተበላሸ ሱቁን መዝጋቱ ነው።

ሳጥኑ በባቡር የደረሰ ዕለት ሌሙኤል እየሮጠ ፖስታ ቤት ገባ። ቀትር ነበር። ክዳኑ ላይ «ከጨለማ ክፍል ውጭ እንዳይከፈት፤ ብርሃን ካየ ያልቅለታል፤ ሲታጠብ ይጠቁራል» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ተለጥፏል። ክዳኑ ግን ወለሉ ላይ ነው። አቶ አሳሄል መስኮቱ ዘንድ ቆመው አንዱን መስታወት ለፀሐይ ሰጥተው ያያሉ፤ ሕዝቡ ከኋላቸው ተኮልኩሏል።

«ኧረ ምን እያደረጉ ነው?»

«ፍርድ እየሰጠሁ ነዋ! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ልጄ። ይኸው፣ አሥራ ሁለቱም እንደ ወተት! አንዲት ነጥብ የለባቸውም!»

«ጉድ ነው እኮ» አሉ ወይዘሮ መሂታቤል፤ «የነጋዴውን ስም በከንቱ ነዋ ያጠፋኸው።»

«ፀሐይ ላይ እኮ ነው ያወጧቸው!» አለ ሌሙኤል።

«ታዲያ በጨለማ ልመርምር? ያለፉትን ሦስት ሳጥኖችም እዚሁ መስኮት ላይ አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። መንግሥት አምኖ ያስቀመጠኝ ሰው ነኝ።»

ሕዝቡ አጨበጨበ።

ሌሙኤል መስታወቶቹን ሰብስቦ ወደ ጨለማ ክፍሉ ሄደ። አመሻሹ ላይ አጥቧቸው ሲመለስ አሥራ ሁለቱም ከሰል መስለው ነበር።

«አላልኳችሁም? እጁ ነው!» አሉ አቶ አሳሄል።

«አይደለም፣ ጌታዬ» አለ ሌሙኤል። «እነዚህ በሕይወቴ ካወጣኋቸው ሁሉ እውነተኞቹ ናቸው፤ በአሥራ ሁለቱም ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ሱቄን አልዘጋም። መስኮቴ ላይ ደርድሬ እሰቅላቸዋለሁ፤ ከሥራቸውም ‹የፖስታ ሹሙ ሲመረምሩ› ብዬ እጽፋለሁ፤ እንደ ካርዱ፣ አላፊ አግዳሚው ጮክ ብሎ እንዲያነበው።»